የመቶ አስራ ሁለቱ ኩራዞች ስርቆት

መቶ አስራ ሁለቱ ሚስማሮች ግድግዳው ላይ እንዳሉ አሉ። ኩራዞቹ ግን የሉም።

ዋና ሳጅን የሻለም በጠዋት ከመካነ ሰላም ተነስታ ወይራ አምባ ስትደርስ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓጉንቸር ተሰብሮ መሬት ወድቋል። ጥበቃው ዱላውን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ ስለነበር ግን አልተረበችውም።

ሌላ አገር ቢሆን ኩራዝ ማን ይሰርቃል? ወይራ አምባ ግን ሶላር የገባለት ቤት ሁሉ ኩራዙን ለቀበሌው ያስረክባል። ኩራዙ ይሰቀላል፤ ከሥሩ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። መብራቱ የት እንደደረሰ የሚቆጠረው በዚህ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ቁጥሩ ካማረ ቀጣዩ ሶላር ከገደሉ ማዶ ላለችው ለጨፌ ይሰጣል፤ ካላማረ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ሰዉ አስቀድሞ ፈርዷል። ላምባ ሻጩ ቢያድግልኝ ነው፣ ሶላሩ ገበያውን ገደለበት፣ ሌላ ማን ይሆናል ተባለ። የሶላር ጠጋኙ ሁዜይፋም ይህንኑ አለ። ሁዜይፋ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። እናቱ ጨፌ ይኖራሉ። ዓይናቸው በኩራዝ ጭስ እንደደከመ ሲነግራት ድምፁ ተሰበረ፤ የሻለምም ወደደችው። በኋላ ነገሩን ያከበደባት ይሄው ነው።

ብቻዋን ቀርታ ክፍሉን ስትቃኝ ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ። ከአንዳንዶቹ ሚስማሮች ሥር የላምባ ጠብታ አለ። ነካችው፤ ገና እርጥብ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰቀለ ኩራዝ ከየት አምጥቶ ያንጠባጥባል? ቆጠረች፤ ሠላሳ አንድ። ከየሚስማሩ ሥር ያለውን ስም ገለበጠች።

ቢያድግልኝን ሱቁ አገኘችው።

«ገበያህ ሞቷል ይባላል።»

«ሞቶ ነበር፣ ሳጅን። ከክረምት ወዲህ ነፍስ ዘርቷል።»

«ማነው የሚገዛህ?»

የሱቁን በር ገርበብ አደረገው።

«አደራ ብለውኛል» አለ። «ያፍራሉ። ጠርሙሱን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚመጡት።»

ሱቁን ፈተሸች፤ ምንም አልተገኘም። ገበያው የተመለሰለት ሰው ደግሞ ለምን ይሰርቃል?

ከገለበጠቻቸው ስሞች አንዱ የእማማ ኑርጃን ነበር። ቤታቸው ገብታ ማብሪያውን ተጫነችው። አልበራም።

«ባትሪው ክረምት ላይ ሞተ፣ ልጄ» አሉ። «ሁዜይፋ መለዋወጫ የለም አለን። ጽሕፈት ቤቱን በያዘው ቁልፍ ከፈተልንና ኩራዛችሁን ቀስ ብላችሁ ውሰዱ፣ ገምጋሚ ሊመጣ ሲል መልሱ አለን። ትናንት መለስን። ወላሂ፣ ሌላ ያደረግነው የለም።»

የሻለም ወደ ሁዜይፋ መጋዘን ሄደች። ክፈትልኝ አለችው። ኩራዞቹ በባትሪ ካርቶኖች ውስጥ በገለባ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ አንድም የተሰበረ የለም።

«የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ በእጅህ እያለ ጓጉንቸር ሰበርክ?»

«ሌባ እንዲመስል ነው።»

«ለምን?»

«ሪፖርቴ መቶ አስራ ሁለት ቤት ይበራል ይላል። ትናንት ሲሰቅሏቸው ክፍሉ በላምባ ሸተተ። ገምጋሚ አፍንጫ አለው። ከተሰረቁ ግን ወረቀቱን ያምናል አልኩ። እናቴ ተራዋን እንዳታጣ ነው፣ ሳጅን።»

«ቢያድግልኝስ? እሱ እናት የለውም?»

ሁዜይፋ አለቀሰ። እሷም ተናደደች፣ አዘነችለትም።

ጉዳዩ በሽማግሌ ታየ። ሁዜይፋ ጓጉንቸሩን ተካ፤ ቢያድግልኝንም ሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀ። የሻለም አንድ ነገር ጨመረችበት፤ እውነቱን ለገምጋሚዎቹ ራሱ እንዲነግራቸው።

ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ኩራዞቹ ለሁለት ተከፍለው ተሰቅለዋል፤ ሰማንያ አንዱ ደረቅ፣ ሠላሳ አንዱ እርጥብ። ሁዜይፋ የሞተውን ባትሪ ሁሉ አንድ በአንድ አስረዳ። የቡድኑ መሪ አልተቆጣችም። የሄድንበት ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው የሚሰጠን፣ የተበላሸውን የነገረን ሰው የመጀመሪያው አንተ ነህ አለችው። ሰማንያ አንድ ብላ ጻፈች። ሠላሳ አንድ ባትሪና መለዋወጫ እንዲላክም አከለች። ስለ ጨፌ ግን ቃል አልገባችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ባትሪዎቹ ጥር ላይ መጡ። ለጨፌም ግንቦት ላይ ሶላር ገባላት።

በዚያው ሰሞን የሻለም ለሥራ ወይራ አምባ ሳለች የሁዜይፋ እናት እትዬ ሀያት ኩራዛቸውን ይዘው ገደሉን ወጥተው መጡ። መቶ አስራ ሦስተኛው ሚስማር ተመቶ፣ ስማቸው ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። ልጃቸው ኩራዙን ተቀበለ፤ አሸተተው፤ መለሰላቸው።

«ክረምቱ ይለፍና እሰቅለዋለሁ፣ እማ።»

«የገዛ እናትህን አታምንም?»

«አንቺን አምናለሁ። ባትሪውን ነው የማላምነው።»

እትዬ ሀያት ወደ ሳጅኗ ዞረው ይሄን ልጅ እሰሪልኝ አሏት። የሻለም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አሮጊቷም ኩራዛቸውን በነጠላ ሳይሸፍኑ፣ በጠራራ ፀሐይ ይዘውት ወደ ማዶ ተመለሱ።