ሰሙ እንዳይቀልጥ

ፍሰሐ የሞተው እሑድ ሐምሌ 6 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ ከልደታ ማርያም ወደ አብነት በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ባለ አንድ የጭቃ ቤት ጓዳ ውስጥ። መርማሪው መቶ አለቃ ቦጂያ ሲደርስ፣ ሬሳው ፍራሹ ላይ በጎኑ እንደተኛ ነበር። ፊቱ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ሰው ቀልቷል። ከግርጌው ከሰሉ አመድ የሆነ ማንደጃ ተቀምጧል።

አብሮት የመጣው ፖሊስ እያዛጋ፣ «ጴንጤዎች ናቸው አሉ፣ ጌታዬ። በርዶት ከሰል አያይዞ ተኛ፤ አፈነው፤ አለቀ። ጽፈን እንሂድ?» አለ።

«አንተ ሲበርድህ ከሰል አያይዘህ፣ መስኮትና በር ጠርቅመህ ትተኛለህ?»

«እኔማ እንዴት ብዬ!»

«እሱስ ከአንተ በምን ያንሳል?»

የጓዳው መስኮት በፍራሽ ታሽጓል፤ ግድግዳው ጆንያ ለብሷል። በሩን ከውስጥ በስምንት ምስማር ላይ እያሰሩ የሚሸፍኑበት አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ በሩ ሥር ወድቋል። ቦጂያ ነገሩ ወዲያው ገባው። በዚያ ዘመን የእነዚህ ሰዎች ጸሎት ቤት ታሽጎ ነበር። ስለዚህ ሦስት ዘማሪዎች በየሳምንቱ እዚህ ጓዳ እየተዘጉ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ፍሰሐ አኮርዲዮን፣ በድሉ ጊታር ይጫወታሉ፤ የፍሰሐ እጮኛ ትርፌ ትዘምራለች። አዲስ መዝሙር ሲያጠኑ የአኮርዲዮኑን ወናፍ አስረው፣ ጣታቸውን ብቻ ቁልፎቹ ላይ ያስሮጣሉ። ድምፅ የለም። ሰው ለፈጣሪው ሲዘምር እንደ ሌባ ትንፋሹን እንዲውጥ ያደረገው ያ መንግሥት፣ በየአደባባዩ የጭቁኖች ድምፅ ነኝ እያለ ይለፍፍ ነበር!

ቦጂያ መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት ጠራ። እትዬ ሸዋዓለም ባላቸው የሞተባቸው፣ ስድሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ልጆቹ ሲዘምሩ እሳቸው ደጃፍ ላይ ሽንኩርት እየላጡ መንገዱን ይጠብቁ ነበር።

«ማን አገኘው?»

«በድሉ ነው ልጄ። እኔ ቀበሌ ስብሰባ ነበርኩ። ስመለስ እዚህ ቆሞ ይጮሃል።»

«ሟቹ ቀን ለምን ይተኛል?»

«ማተሚያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ነው። ጠዋት ይመጣና እዚህ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ጓዳው ጸጥ ያለ ነው።»

«ቁልፉስ?»

«ጎመኑ ዘንድ ካለው ቆርቆሮ ሥር ነው የምተወው። ሁላቸውም ያውቃሉ።»

ቦጂያ ሳሎኑን ቃኘ። አኮርዲዮኑ ከመደቡ ላይ ተቀምጧል።

«ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚቀመጠው?»

«ኧረ! ከራስጌው አይለየውም! ‹ትርፌን ያገባት ለት መሃል ያስተኛዋል› እያልን እንስቅበት ነበር።» ሳቅ ሊመጣባቸው ብሎ ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

በድሉ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ቃሉ ግን አልተደናቀፈም።

«ለጥናት ነው የመጣሁት፣ ጓድ መቶ አለቃ። ብጠራው ዝም አለኝ። በሩን ብስበው ብርድ ልብሱ ከውስጥ በስምንቱም ምስማር ተወጥሯል። በጥሼ ገባሁ።»

«ከውስጥ?»

«ከውስጥ። ራሱ ነው የዘጋው። ወይኔ ወንድሜ!»

ቦጂያ ብርድ ልብሱን አንሥቶ ዳር ዳሩን አየው፤ ማሰሪያዎቹን ቆጥሮ መልሶ አስቀመጠው።

የምእመናኑ ማኅበር ሽማግሌ ጋሽ ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው።

«አደጋ ነው፣ መቶ አለቃ። በሰላም እንቅበረው። ነገር ባይበዛ ለሁሉም ይበጃል።»

«ትናንት ማታ ሟቹ ቤትዎ መጥቶ ነበር፤ እትዬ ሸዋዓለም ነግረውኛል። ምን ፈልጎ ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አዟዟሩት። «ስለ መዝሙር ነው።»

ትርፌ መጨረሻ ላይ ቀረበች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን ልጅ። አታለቅስም ነበር፤ ይህ ፖሊሱን አስቆጥቶታል።

«ጓዳ ውስጥ ከሰል ታነዱ ነበር?» አላት ቦጂያ።

«በፍጹም። ፍሰሐ አኮርዲዮኑ ካለበት ክፍል ክብሪት እንኳ አያስጭረንም። ውስጡ ድምፅ የሚሰጡት ምላሶች የተያዙት በሰም ነው። ሙቀት ካገኘው ይቀልጣል። አንድ ቀን እኔ የልብስ ካውያ ይዤ ብገባ ሦስት ቀን አኮረፈኝ።»

«ሰም መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እኔና በድሉ። ጋሽ ወልደገብርኤል ጥናት ላይ መጥተው አያውቁም። እትዬ ሸዋዓለም ከደጅ አይገቡም።»

ቦጂያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። አደጋ ነው ብዬ ከጻፍኩ ነገ ትቀብሩታላችሁ፤ የሚነካችሁም የለም። እውነቱን ከጻፍኩ ግን እዚህ ትዘምሩ እንደነበር አብሮ ይጻፋል። ትታሰራላችሁ።»

«ስለዚህ እኛ እንድንሸሸግ ገዳዩም አብሮን ይሸሸግ?» አለችው። «እንዴት እንደሞተ ይወቁልኝ። ሌላውን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቦጂያ አራቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። አኮርዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ከብርድ ልብሱ እንጀምር። ማሰሪያዎቹን ማን ሰፋቸው?»

«እኔ» አለች ትርፌ።

«ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም ደህና ናቸው፤ አንድ ክር አልተበጠሰም። ምስማሮቹም ወደ ላይ የተቆለመሙ ናቸው፤ ጎትተህ አታላቅቃቸውም። በድሉ፣ ‹በጥሼ ገባሁ› ያልከው የቱን ነው?»

«ደንግጬ ነበር… ምናልባት አልተወጠረም ይሆናል።»

«አልተወጠረም። ጓዳውን የዘጋው ሰው ውጭ ነበር። ፍሰሐ እንቅልፍ ላይ ሳለ ማንደጃውን አስገባ። የበሩን ሥር ስንጥቅ በእርጥብ ጨርቅ ደፈነ፤ በሳሎኑ በኩል ደፉ አሁንም እርጥብ ነው፤ ኋላ ጨርቁን አነሣ፣ ብርድ ልብሱን ከተጣጠፈበት አውርዶ ወለሉ ላይ ጣለና ጮኸ። እትዬ ሸዋዓለም ሲደርሱ ያዩት ወድቆ ነው።»

«አዎ፣ ወድቆ ነው ያየሁት» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

«አሁን ወደ አኮርዲዮኑ። ከራስጌው የማይለየው ዕቃ ዛሬ ሳሎን ተገኘ። ያወጣው ሙቀቱ እንደሚያበላሸው ያውቃል፤ ስለዚህ ከትርፌና ከበድሉ አንዱ ነው።»

«ፍሰሐ ራሱስ?» አለ በድሉ ፈጠን ብሎ። «ሲበርደው ከሰል ሊያነድ አውጥቶት ይሆናላ!»

«እኔም ይህን አስቤ ነበር። እዚህ ላይ እስክደርስ።» ቦጂያ የትከሻ ማንገቻውን ዘለበት አሳየ። «ይቺ ቀዳዳ ጠቁራለች፣ ተለጥጣለች። ዓመታት እዚች ላይ ነው የታሰረው፤ ፍሰሐ አጭር ነበር። ዛሬ ግን ዘለበቱ ሦስት ቀዳዳ ወደ ውጭ ላልቷል። ቆዳው ላይ ያለው እጥፋት ገና ነጭ ነው። ትርፌ፣ ተነሺና አንግቺው።»

አነገተችው። አኮርዲዮኑ ከወገቧ በታች ወርዶ ተንጠለጠለ።

«በድሉ፣ አንተም።»

በድሉ አልተነሣም።

«እንደማትነሣ አውቄያለሁ። ከሰሉ እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብህ። እዚህ መደብ ላይ ተቀምጠህ፣ ግድግዳው ማዶ ጓደኛህ ሲሞት፣ አኮርዲዮኑን ለቁመትህ አስተካክለህ አነገትክ። ወናፉ እንደታሰረ፣ ያለ ድምፅ፣ ጣትህን አሟሟቅህ። ሰውየውን ገደልክ፤ ሰሙ እንዳይቀልጥ ግን ተጠነቀቅህ።»

«ለምን?» አለች ትርፌ። የጠየቀችው በድሉን አልነበረም፤ ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዙራ ነበር። «ጋሼ፣ ፍሰሐ ትናንት ምን ነገረዎት?»

ጋሽ ወልደገብርኤል መሬት መሬት አዩ። «በድሉ… ስማችንን ለቀበሌ ይሰጣል አለኝ። የስም ዝርዝሩን ወረቀት በዓይኑ አይቷል። ‹እሑድ ራስህ ለማኅበሩ ካልተናዘዝክ እኔ እናገራለሁ› ብሎታል። እኔ፣ ለማኅበሩ ሰላም ብዬ፣ ዝም በል አልኩት።»

«ዛሬ ሬሳውን ሲያዩስ?» አለች ትርፌ።

እንዲህ ያሉትን ሰላም ወዳዶች እናውቃቸዋለን፤ ለገዳይ መንገድ ይጠርጉና ለቀብሩ ጸሎት ይመራሉ!

በድሉ ፈገግ አለ፤ ያ የተቀላው ዓይኑ አሁን ደርቋል። «ጥሩ ተረት ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ማን ነው የሚመሰክረው? ‹ማሰሪያውን የሰፋሁት ለመዝሙር ነው› ብሎ ማን ይፈርማል? እኔን ነገ የሚያስፈታኝ አለኝ። እነሱስ?»

ቦጂያ አልተከራከረውም። እውነቱን ነበርና። የቃል መቀበያውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ያለ ምስክር ክሱ አይቆምም። ምስክር ካለም የማረጋግጥላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሆነው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።»

«ልጆቼ፣ ይቅር እንበለው» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «ይቅርታ ትእዛዝ ነው። ለእግዚአብሔር እንተወው።»

«እርስዎ ይቅር የሚሉት ምንዎን ነው?» አለች ትርፌ። «የሞተው የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ፣ «እኔ ዛሬ እዚህ አልነበርኩም» አሉና ወደ ዝናቡ ወጡ።

እትዬ ሸዋዓለም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። «ቤቱ የእኔ ነው። ጻፈኝ፣ ልጄ። መፈረም አልችልም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ቀባልኝ።»

ትርፌ አኮርዲዮኑን ከትከሻዋ አላወረደችም ነበር። ዘለበቱን ፈታች፤ ሦስት ቀዳዳ መልሳ፣ በዚያች በጠቆረችው ላይ አሰረችው። አኮርዲዮኑ ከደረቷ ገጠመ። ከዚያ ወንበር ስባ ቦጂያ ፊት ተቀመጠች።

«ሙሉ ስም?»

ነገረችው።

«ሥራ?»

ኪሷ ውስጥ ያለው መታወቂያ «ልብስ ሰፊ» ይላል። ቦጂያ ያውቃል፤ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቃት። ወናፉ እንደታሰረ ነበር።

«ዘማሪ ብለው ይጻፉ» አለች።