የሐሙሱ ታካሚ

«ለመካነ ብርሃን መኪና አለ?»

«መንገዱ ተበላሽቷል።»

የመተዋወቂያ ምልክቱ ትክክል ነበር። ሰውዬው የተቀዳ ድምፅ ያለበትን ፍላሽ በአንዱዓለም መዳፍ ላይ ጣለና በደባርቅ መናኸሪያ ጉም ውስጥ ጠፋ።

አንዱዓለም የደኅንነት ሰው ነው። አራት ወር ግን ዘመነ የሚባል ሰካራም ሾፌር ሆኖ ኖሯል፤ ሐሙስ ሐሙስ በስልክ ቪዲዮ የሱስ ሐኪም በሆኑት በወይዘሮ ዘቢደር ፊት ይቀርባል። አንድ ሰው የሐኪሟን ታካሚዎች ምስጢር እየቀዳ ይሸጥ ነበር፤ አንዱዓለም የተላከው እሱን ለማግኘት ነው። ገዢዎቹ በቅጂው ያስፈራሩት አንድ የኬላ ፈታሽ ሁለት መኪና ጥይት አሳልፎ፣ በማግስቱ ራሱን አጠፋ።

ስልኩ ጠራ። አለቃው ገዱ ነበር፤ የምስጢር ስሙ «ንብ»።

«ሀብተ ሚካኤል ሰጠህ?»

«ተቀብያለሁ።»

«ማዕከል እንዳትልከው። ዳባት ራስህ አምጣልኝ።»

አንዱዓለም የሻጩን ስም አያውቅም ነበር።

ገዱ ያውቃል።

ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ወደ ደኅንነቱ ማዕከል ደወለ።

«ንብ ከድቷል። ዳባት ጠብቁኝ።»

«ማስረጃ?»

«የሻጩን ስም ያውቃል። ፍላሹም እጄ ላይ ነው፤ የኔም ድምፅ ይኖርበታል።»

በሁለተኛው ወር የዘመነን ታሪክ ትቶ ለሐኪሟ የራሱን ተናግሮ ነበር። ጠጥቶ ከጥበቃ በመቅረቱ ጓደኛው ይግዛው እንዴት እንደሞተ። ያን ከዘቢደርና ከቀዳው ሰው በቀር የሰማ የለም። ቅጂውን አሁን ከፍላሹ ሊያጠፋው ይችላል። የተነካካ ፍላሽ ግን ማስረጃ አይሆንም።

አልነካውም።

ገዱ ሥጋ ቤት ጓዳ ውስጥ አረቄ ቀድቶ ጠበቀው።

«ጠጣ እንጂ! ሥራህ አልቋል።»

«ጋሼ ገዱ፣ ሀብተ ሚካኤልን ከየት ያውቁታል?»

የገዱ እጅ ወደ ወገቡ ወረደ።

አንዱዓለም ጠረጴዛውን ገፋበት። በሩ ተበርግዶ ከማዕከል የተላኩ ሦስት ሰዎች ገቡ።

ገዱ በካቴና ሲወጣ ዞር አለ። «አንተም አብረኸኝ ትወድቃለህ!»

«አውቃለሁ።»

ድል አልተሰማውም። ሐዘንም አልተሰማውም።

ሐሙስ ማለዳ ማዕከል ቅጂውን ሰምቶ አሰናበተው። ሕክምናው በምርመራ ምክንያት ተዘጋ፤ ሠላሳ ሁለት ታካሚዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። ከቀትር በፊት ዘቢደር ደወሉ።

«ዘመነ ወንድሜ፣ ቤቱን ዘጉብን። እኔ ግን አለሁ። ዘጠና ቀን ሳትጠጣ ቆይተሃል እኮ። በግል ደውልልኝ፣ እሺ?»

«እሺ፣ እቴቴ።»

«ቃልህ ነው?»

የመጨረሻው ትእዛዝ ዘመነ እንዲጠፋ ነበር።

«ቃሌ ነው» አላቸውና ሲም ካርዱን አውጥቶ ሰበረው።

ከሰዓት በኋላ ኮሶዬ ኬላ ላይ ፈታሾች የተሳፈረበትን ሚኒባስ አስቆሙ።

«ስም?»

ኪሱ ውስጥ ካሉት መታወቂያዎች እጁ ያገኘውን ሰጠ። ፈታሹ አንብቦ መለሰለት። አንዱዓለም የማን ስም እንዳለበት ሳያይ ኪሱ ከተተው።