የተበላው ቦታ

ሞተር ሳይክሉ መጀመሪያ የተንተባተበው ከከተማዋ የመጨረሻ ቤት ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር ነበር። መካኒኩ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። በጋራዦቹ ሰፈር «ጆሮ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም፤ የሞተርን በሽታ በድምፁ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። «ቆሻሻ ነዳጅ» ብሎ ፈረደና መንገዱን ቀጠለ።

ደረቱ ላይ ባሰረው የበረዶ ሳጥን ውስጥ የእባብ መርዝ ማርከሻ ነበር። ከበረሃው ማዶ፣ የውሃ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ካምፕ፣ ያለችውን አንዲት ልጁን እባብ ነድፏታል። የካምፑ መኪና ተሰብሮ ቆሟል። በሬዲዮ የደረሰው መልእክት እግሯ እስከ ጉልበቷ ማበጡን ይናገራል።

የክሊኒኩ ነርስ ሳጥኑን ስታስረክበው «ከመጨለሙ በፊት ይድረሱላት፣ አባባ» ብላው ነበር። «ብቻዎን ነው የሚሄዱት?»

«ከማን ጋር ልሂድ?» አላት።

ልጁ የፓምፕ ኤሌክትሪሺያን ናት። አባትና ልጅ የተቀያየሙት በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ ምክንያት ነበር። ሥራ እንደያዘች ባለ መርፌ ቴስተር ገዝታ ብታመጣለት፣ ደንበኞቹ ፊት ሳቀባት። «ጆሮ ላለው ሰው ይሄ ምኑ ነው?» አላት። እሷ ቴስተሩን በጨርቅ ጠቅልላ ከመፍቻ ቦርሳው ሥር ከተተችና በሳምንቱ ወደ ካምፑ ሄደች። በማን ምክንያት እንደሄደች ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ራቱን የሚበላው ሬዲዮ ከፍቶ ነው፤ ቤቱ የሰው ድምፅ እንዲኖረው ያህል።

ነፋሱ ከቀኝ በኩል መጣ። መጀመሪያ አሸዋውን ከመሬት አነሳው፤ ቀጥሎ ሰማዩን ሸፈነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንተባተበና ጠፋ። መካኒኩ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠለለ፤ የነዳጅ ማጣሪያውን ፈታ፤ ንጹሕ ነው። «እንግዲያው ካንዴላው ነው» አለና ካንዴላ ቀየረ። አስነስቶ ጥቂት እንደሄደ ያው መንተባተብ ተመለሰ። ሁለት ፍርድ፣ ሁለቱም ስህተት። በሳጥኑ ውስጥ በረዶው ሲንቀጫቀጭ ይሰማው የነበረው አሁን ውሃ ሆኖ ይንቦጫቦጫል።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ነፋሱ ጋብ ሲል ሦስት ተኩላዎች ከቁጥቋጦው ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ክላክሱን ለቀቀባቸው። ወደኋላ አሉ፤ ግን አልሄዱም። ሞተሩ በየመንገዱ በቆመ ቁጥር እነሱም ይቆማሉ፤ በተንፏቀቀ ቁጥር ይከተሉታል።

አሸዋው ጆሮውን ደፍኖት የሞተሩን ድምፅ በወጉ መስማት አቅቶታል። መስማት ሲያቅተው ነው እጁ የነገረው፦ ዳገትም ይሁን ቁልቁለት፣ ሞተሩ የሚንተባተበው ነዳጅ መስጫው እጀታ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም ደህና ነው።

ቆመ። ድንጋይ አንስቶ ወደ ተኩላዎቹ ወረወረና ቦርሳውን ዘረገፈ። ቴስተሩን ከጨርቁ ውስጥ አወጣ። ልጁ ስትሠራ በዓይኑ ጠርዝ ያየውን እያስታወሰ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈተ፤ እጀታው ምን ያህል እንደተጠመዘዘ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚናገረውን ትንሽ ሴንሰር ፈልጎ የቴስተሩን አንዱን ሽቦ መሃለኛው የሴንሰሩ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን የሞተር ሳይክሉ ብረት ላይ ሰካ። እጀታውን ቀስ እያለ ጠመዘዘ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀ፤ ጥቂት ቢጨምርበት እንደገና ብድግ አለ። አንድ እርከን እንደጎደለው ደረጃ ማለት ነው። እዚያች ቦታ ላይ ሴንሰሩ ውስጡ ተበልቷል።

ለምን እዚያች ቦታ? ማንም ሳይነግረው ገባው። ልጁ ከሄደች በኋላ ለዓመታት ከቤት ወደ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ወደ ቤት ሲመላለስ፣ የሚያስቸኩለውም የሚጠብቀውም ሰው ስለሌለ እጀታውን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አድርጎት አያውቅም። የበላው ራሱ ነው። ተኩላዎቹ እያዩት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

መለዋወጫ የለውም። ያለው መላ አንድ ነው፦ ያችን ቦታ በፍጥነት ዘሎ ከላይዋ መቆየት፤ በሕይወቱ ነድቶ በማያውቀው ፍጥነት መንዳት።

ነዳው። ተኩላዎቹ ኋላ ቀሩ። ሰውነቱ በላብ ራሰ፤ እጀታውን ጥርሱን ነክሶ ያዘው።

ከሸለቆው አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ሞተር ሳይክላቸውን ዳር አቁመው፣ መንገዱን በቁማቸው ዘግተው ጠበቁት። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል።

«ውረድ! ሳጥኑን ወዲህ በል!»

«መድኃኒት ነው! ልጄ እየሞተች ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ውረድ ነው የምልህ!»

ሊቆም እጀታውን መለስ ሲያደርግ ሞተሩ ያችን ቦታ ነካና ተንተባተበ። ሰዎቹ ሞተሩ የጠፋ መስሏቸው ግራና ቀኝ ተለያይተው ወደ እሱ መራመድ ጀመሩ፤ መሃሉን ለቀቁ ማለት ነው። መካኒኩ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። ሞተሩ ጮሆ በመሃላቸው አለፈ። ከኋላው ጥይት ጮኸ፤ ድንጋይ ፈነጠቀ። የሰዎቹ ሞተር ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተከተለው፤ ከዚያ ጠፋ። ሜዳው ላይ የቀሩት እሱና ጥላው ናቸው።

ፀሐይዋ አድማሱን ስትነካ ካምፑ ደረሰ። የካምፑ ሐኪም ሳጥኑን ከደረቱ ፈትቶ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። በረዶው ቀልጧል፤ ውሃው ግን ገና ይቀዘቅዛል። «ይሠራል» አለ ሐኪሙ፤ መርፌውን ወጋት። አባት ደጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

በመጨረሻ ሐኪሙ የድንኳኑን በር ገለጠለት። ልጁ ፊቷ ገርጥቷል፤ ዓይኗ ግን ተከፍቷል።

«ሞተር ሲመጣ ሰማሁ» አለች በደከመ ድምፅ። «አንተ ትሆናለህ ብዬ አላሰብኩም፣ አባዬ። ያንተን ሞተር ድምፅ አውቀዋለሁ። ይሄ ይሮጥ ነበር።»

«ሴንሰሩ ተበልቶ ነው።»

«ጆሮህ ነገረህ?»

ቴስተሩን ከነጨርቁ ከኪሱ አወጣና አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ጨርቁ አሁንም እሷ እንደቋጠረችው አንድ ጥጉ ላይ ቋጠሮ ነበረበት።

«ጆሮዬማ ምንም አልነገረኝ» አላት። «አንቺ ንገሪኝ። ከሄድሽ ጀምሮ ያለውን ሁሉ።»

እሷም እያረፈች ነገረችው። እሱ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ።