ማንም ያላዘዘው ክኒን

ይህን ስነግራችሁ እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ባለታሪኳ ሉጥፊያ ጀሪፍ ጎረቤቴ ነበረች፤ ከአፏ የሰማሁትን ነው የማወራችሁ። ያላመነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

የሱዳን ጦርነት ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት ነው። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ...

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሉጥፊያ የወሎ ልጅ ናት። ሐጃ ኒዕማ የሚባሉ አሮጊት ታስታምም ነበር። ሐቦባ ነው የምትላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ቀልደኛ ሴትዮ ናቸው። ቁርስ ላይ ጎረቤቱን ሁሉ እያነሱ ሲጥሉት ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሉጥፊያ የምትሰጣቸውን ቢጫ ክኒን ይውጣሉ... ከዚያ የሉም።

ዓይናቸው እንደተከፈተ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ይቀራሉ። የልጃቸውን የበሽርን ስም እንኳ አያውቁትም። ሁለቴ ወድቀዋል። ነቅተው የሚቆዩበት ሰዓትም በየወሩ እያጠረ መጣ።

"እርጅና ነው" ይላል በሽር።

ሉጥፊያ ይህ አልተዋጠላትም። የክትትል ቀናቸው ሲደርስ የሚወስዱትን አሥራ አንዱንም መድኃኒት በፌስታል ይዛ፣ ሐጃን ደግፋ ክሊኒክ ሄደች።

የልቡ ዶክተር ቢጫዋን አየና፣ እኔ አላዘዝኳትም፣ የስኳሩ ዶክተር ጽፏት አግኝቼ ነው የቀጠልኩት አለ። የስኳሩ ወደ ነርቩ ላካት። የነርቩ መልሶ ወደ ልቡ።

ሦስቱም ለዓመታት አንዱ ከሌላው እየገለበጡ ሲያድሱ ኖረዋል። ማን እንደጀመራት ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ፋይሉ ከሥሩ ተገለበጠ። የመጀመሪያው ማዘዣ ላይ ቢጫዋ አለች።

ስም የለም። ፊርማ የለም። የእጅ ጽሑፉን የሚያውቅ ሰውም ጠፋ።

የልቡ ዶክተር ፋይሉን ከደነና፣ "ኢንሻላህ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናያለን። ያላ፣ ሂጂ በቃ" አላት።

ሉጥፊያ ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

"ሳይሰርዟት አልነሳም።"

ዘበኛ እጠራለሁ አላት፤ ይጥሩ አለችው። ውጭ የተሰለፉት አዛውንት ማጉረምረም ጀመሩ። ሰውዬው ላብ በላብ ሆኖ ሰረዛት። ለአረጋዊ መሰጠት አልነበረባትም ብሎም አጉተመተመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሳ እንድታቆም ጻፈላት። የእኔ ጀግና!

እንደታዘዘችው ቀነሰች፤ አቆመችም። ባዶ ካርቶኑን ራሷ ጣለችው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐጃ ያው ሆኑ። ዓይናቸው ተከፍቶ...

በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን።

በሽር ደሙ ፈላ። እናቴ ነገም እንዲህ ከሆነች ክኒኗን እመልሳለሁ፣ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ትወጫለሽ አላት።

በነጋታው ጠዋት ሐጃ ክንዷን ያዙና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ልጄ... አንቺ ክኒኗን መስጠት ትተሻል አይደል?"

"ትቻለሁ፣ ሐቦባ።"

"እሱ ግን አልተወም።"

"ማን?"

"አንቺ በውሃ ነበር የምትሰጪኝ... እሱ ያለ ውሃ ነው።"

እኔ ብሆን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ውልቅ ነበር፣ ምን ላድክማችሁ። እሷ ግን ተናደደች። በሰው እናት እንዲህ ይቀለዳል እንዴ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። መስኮቱን ዘጋች። አልጋው ላይ ወጥታ ሐጃን ደረቷ ላይ አስደገፈቻቸው።

የጣሪያው ማራገቢያ በድንገት ቆመ። መብራት ግን አልጠፋም...

ሐጃ ቀስ ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። አፋቸውን ከፈቱ።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማንም የለም።

ሉጥፊያ መዳፏን አፋቸው ላይ ከደነች።

"አይሰጥም" አለች። "ተሰርዟል።"

ያኔ ጣቶች ተሰሟት። ደረቅ ጣቶች... የእሷን ጣት አንድ በአንድ ከሐጃ አፍ ሊያላቅቁ የሚታገሉ።

ጥርሷን ነክሳ ያዘች።

"ሉጥፊያ" የሚል የታፈነ ድምፅ ከመዳፏ ሥር ወጣ። ሐጃ በዚህ ሰዓት ስሟን ሲጠሩ በዓመቱ የመጀመሪያቸው ነው።

"አለሁ፣ ሐቦባ።"

ጣቶቹ ለቀቁ...

ወዲያው በሉጥፊያ በራሷ ከንፈር ላይ አንድ ትንሽ፣ ክብ ነገር ተጫነ።

አፏን ግጥም አደረገች። መዳፏንም ከሐጃ አፍ አላነሳችም።