ሙቀጫው ያለው አራተኛ ፎቅ ነው

«ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ» አለች ካዲያቱ፣ የዓመት ልጇን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «እዚህ ጋ ስሜ ተጽፏል አይደል? ምን አደረግሽ ነው የሚሉኝ?»

ሰርዋ ደብዳቤውን ይዛ በራቸው ላይ ቆማለች። በዚህ የሐምቡርግ ሕንፃ ውስጥ የጀርመንኛ ደብዳቤ የከበደው ሰው ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም የቀጠሮውንም የማስጠንቀቂያውንም ቋንቋ አብጥራ ታውቃለች። የዚህኛውን የመጀመሪያ መስመር ግን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

የጻፈው የቤቶች አስተዳደሩ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ተከራይ ካዲያቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ወለል እየደበደበች ነዋሪዎችን ትረብሻለች ይላል። ስድስት ሰዎች ፈርመዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ረብሻው ከቀጠለ ቤት ያስለቅቃል። የፊታችን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ ቤቷ ተገኝቶ ያጣራል።

ሰርዋ ምንም ሳትቀንስ ነገረቻት። ካዲያቱ ጭራሽ ሳቀች።

«እኔ ምን አባቴ እደበድባለሁ? የጊኒ ሰው ሩዝ በላተኛ ነው፤ ሙቀጫም የለኝ። ይምጣና ይይ።» ከዚያ ሳቋ ጠፋ። «ግን እሱ መጥቶ ምንም ካልሰማ፣ ስለመጣባት ነው የተወችው አይሉኝም?»

ሰርዋ ደብዳቤውን አጥፋ መለሰችላት። ሙቀጫው ያለው እነሱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ነው።

ከጋና ከመጡ ሦስት ዓመት የሆናቸው አያቷ ናና አፍራኮማ ያገራቸውን ገንፎ፣ ፉፉን፣ ከካርቶን በሚወጣ ዱቄት ከተሠራ አፋቸው አያስገቡም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሳቫና ጥሬ ሙዝ ይቀቀልና ሙቀጫው ውስጥ ይገባል። ሰርዋ ቆማ በረጅሙ ዘነዘና ትወቅጣለች። ናና ዱካ ላይ ተቀምጠው በየምቱ መሃል እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሊጡን ያገላብጣሉ። አንድ ምት ቢሳት የሚደቀው የአሮጊቷ ጣት ነው፤ ሰርዋ ግን ስታ አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ መስኮት ስር ዝም ብለው የሚውሉት ናና የሚያንጎራጉሩት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ሰርዋም ያቺን ሰዓት ትወዳት ነበር፣ ዊብከ እስክትጠይቃት ድረስ።

ዊብከ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ የምትኖረውም ከእነሱ በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ምሳ ሲበሉ ቅዳሜ ከላይ የሚደበድበው ምን እንደሆነ ጠየቀች። አባቷ ሌሊት አውቶቡስ ሲነዳ አድሮ ቀን መተኛት አልቻለም። አንዱ ልጅ ቀበል አደረገና «አፍሪካውያኑ ዝናብ እየለመኑ ነዋ» አለ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ሰርዋም ሳቀች። ውሸቱ የወጣው ከሳቋ ጋር አብሮ ነው።

«ከእኛ በላይ ያለችው ሴትዮ ናት» አለች። «እኛንም አስመርራናለች።»

ዊብከ ወሬውን ለአባቷ አደረሰች፤ ማንም አልተጠራጠረም። የዊብከ አባት ሊፍት ውስጥ የሰርዋን እናት በካዲያቱ ስም ጠርቶ ሰላም የሚል ሰው ነው። አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን፤ በዕድሜም ሃያ ዓመት ይራራቃሉ። እናትና ልጅ በዚህ ስንቴ ስቀዋል። ለእሱ ሁለቱም አንድ ጥቁር ሴት ናቸው። ሰርዋ ይህን ታውቅ ነበር፤ አውቃም ተጠቀመችበት። ከውሸቱ ይልቅ የሚያሳፍራት ይሄ ነው።

እናቷ ከሥራ ገብታ የደብዳቤውን ነገር ሰማች። ቤቱን ያገኙት ሁለት ዓመት ጠብቀው እንደሆነ አስታወሰቻት። እነሱ ላይ ስላልመጣ ተመስገን ነው፤ ቅዳሜ ሙቀጫው አልጋ ስር ይግባ፣ የዱቄቱ ይበቃል።

«ታንቲ ካዲያቱስ?» አለች ሰርዋ። የሕንፃው አፍሪካውያን ልጆች ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ ታንቲ ነው የሚሉት።

እናቷ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «እኔ አልከሰስኳት» አለች።

ሰርዋ ሙቀጫውን እየገፋች አልጋ ስር አስገባችው።

ቅዳሜ እናቷ አረጋውያን ወደምትንከባከብበት ሥራዋ ሄደች። ሰርዋ ካሳቫውንና ሙዙን ቀቀለች። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ከላይ የካዲያቱ ደወል ሲጮህ፣ በሩም ሲከፈት ሰማች። ወዲያው ሙቀጫውን ከአልጋ ስር እየጎተተች ወጥ ቤት አስገባችው።

«እናትሽ ከልክላለች» አሉ ናና።

«ናና፣ ዋሽቻለሁ። የእኛን ድምፅ የታንቲ ካዲያቱ ነው ብዬ ለጓደኞቼ ተናገርኩ። በእኔ ምክንያት ከቤቷ ሊያስወጧት ነው። የሚያጣራው ሰውዬ አሁን እሷ ጋ ነው ያለው፤ ድምፁ ከእኛ እንደሚመጣ ይስማ።»

ናና ሙቀጫውን አዩት፣ ከዚያ ሰርዋን። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ሐዘንም ነበረበት፣ ሰርዋን የከበዳትም እሱ ነው።

«በሙቀጫው አፍረሽ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ።»

«በእኔስ?»

ሰርዋ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። እንባዋ መጣ። ናና ዱካቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ።

ሰርዋ መውቀጥ ጀመረች። ወለሉ ከእግሯ ስር ሲርገበገብ ተሰማት። ናና ዛሬ አላንጎራጎሩም። ሃያ ምት ሳይሞላ ስልኳ በራ፤ ዊብከ ናት።

«ሰማሽ? ሰውዬው እያለ እንኳ አላፈረችም! በቃ አለቀላት።»

ሰርዋ ዘነዘናውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሊጥ በነካው ጣቷ ጻፈች። «እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ድሮም እኔ ነበርኩ።»

ዊብከ አነበበችው። ሰርዋ ስልኩን አስቀመጠች።

ከላይ በር ተከፈተ። የወንድ ጫማ ደረጃውን ይወርድ ጀመር። ሰርዋ ወደ በሩ ዞረች፣ ከዚያ ወደ አያቷ። ናና እጃቸውን ሙቀጫው ውስጥ ከተው ይጠብቃሉ።

«ገና አልላመም» አሉ።

ሰርዋ ዘነዘናውን አነሳች።