ፈረሱ እዚያ አልነበረም

ዶን ኢላሪዮ አርቴቼን ሞት በእርግጥ ያገኛቸው በ1887 የሰኔ የመጀመሪያ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው፤ ጋዜጦች ግን ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ገድለዋቸው ነበር። አንዴ ፓሪስ ውስጥ በሳንባ በሽታ፣ አንዴ ኒው ዮርክ ላይ ከሠረገላ ወድቀው፣ ሁለቴ ደግሞ እዚሁ ሃቫና በእብደት። የቼዝ ሻምፒዮኑ ጨዋታ ከተዉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ላምፓሪያ ጎዳና ባለው ቤታቸው ቁጭ ብለው ስለራሳቸው የተጻፈውን ሁሉ እየቆረጡ ትልቅ ደብተር ላይ ይለጥፉና ስህተቱን በቀይ ቀለም ያርሙ ነበር። «አላለቀስኩም»፤ «ባርኔጣዬ ጥቁር ነበር»፤ «ይህን አላልኩም»። እኛ የሃቫና ሰዎች መቼም እንዲህ ነን፤ ድል አድርጎ የመጣን ሰው ከወደቡ እስከ አደባባዩ በትከሻችን ተሸክመን እንዞራለን፣ ሲያረጅ በሩን አናንኳኳም።

ምግብ ሠሪያቸው ቶማሳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸውን ደፍተው አገኘቻቸው። አልጮኸችም። ሄዳ የሰፈሩን መርማሪ ካሲሚሮ ኦኬንዶን ከቁርሱ አስነሣችው።

ኦኬንዶ አጭር፣ ቦርጫም፣ ዓይኑ ግን አንድ ቦታ የማያርፍ ሰው ነው። ቼዝ ይወዳል፤ ቼዝ ግን እሱን አይወደውም። ከሟቹ ፊት የቸኮላታ ሲኒ አየ። ሲኒውን አነሣና አሸተተው፤ ኦፒየም ይሸታል። ሐኪም ለእንቅልፍ ያዘዘላቸው የጠብታ ጠርሙስም መደርደሪያው ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ከሲኒው አጠገብ ጨዋታው መሐል ላይ የቆመ የቼዝ ገበታ አለ። የነጩ ንጉሥ ተኝቷል። ንጉሡን ያስተኛ ተጫዋች «በቃኝ፣ ተሸነፍኩ» ማለቱ ነው።

ኦኬንዶ ደብተሩን ገለጠ። ከብዙ ገጽ በኋላ ከ«ፋኖስ» ጋዜጣ የተቆረጠ የጨዋታ ሥዕል አገኘ። ዶን ኢላሪዮ ነጩን ይዘው ዶክተር ባልታሳር ፉንዶራን የረቱበት፣ ስማቸውን ባሕር ያሻገረው የ1859ኙ ጨዋታ ነው። ሥዕሉና ገበታው ከተኛው ንጉሥ በቀር አንድ ናቸው። ሥዕሉ ላይ ግን ጥቁሩ ፈረስ በቀይ ቀለም ተሰርዞ በጎኑ ባለው የገበታው ቤት ተሥሏል። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ፈረሱ እዚያ አልነበረም። ጋዜጣው እስከ ዛሬ አላረመውም።»

መርማሪው ሌላ ሰው ሳይገባ ገበታውን በአንሶላ ሸፈነ፣ አስከሬኑን ወደ ሌላ ክፍል አስወሰደ፣ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

የፖሊስ አለቃው ግን ቸኳይ ነበር። ቸኮላታውን ያፈላችው ቶማሳ ናት፤ በቤቱም ከእሷ ሌላ የሚኖር የለም፤ ስለዚህ ገዳይዋ እሷ ናት። ቀኑ ሳይጋመስ ጠያቂ በማይገባበት ክፍል አሰራት። ሰኞ ዶን ኢላሪዮ ተቀበሩ፤ በዚያው ቀን ጋዜጦቹ «መርዘኛዋ ምግብ ሠሪ» ብለው አወጡ። ቶማሳ ከባርነት ነፃ ከወጣች ገና አንድ ዓመቷ ነው። እንዲህ ላለች ሴት ዳኛ ትዕግሥት የለውም፤ ጉዳዩ ዓርብ ችሎት ከደረሰ መጨረሻው አንገት አንቆ የሚገድለው የቅጣት ወንበር እንደሆነ ኦኬንዶ ያውቃል። ሰኞውኑ እስር ቤት ሄደ።

«ጌታሽ ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት የሚኖረው እኮ ሰው ያለው ነው፣ ጌታዬ። እሳቸው ማን አላቸው? ሐሙስ ሐሙስ ዶክተር ፉንዶራ ይመጣሉ፤ እጃቸውን ይይዛሉ፣ ይሄዳሉ። አለቀ።»

«ዶን ሲርያኮ ማንሴቦስ? በየማክሰኞው ፋኖስ ላይ ‹ከመምህሩ ጋር ስንጨዋወት› እያለ ይጽፍ የለም እንዴ?»

«እኔ ማንበብ አልችልም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በር የምከፍተው እኔ ነኝ። ለእሱ ከፍቼ አላውቅም።»

ሰሞኑን የተለየ ነገር እንዳለ ጠየቃት። ቅዳሜ «ወደብ» ለሚባለው ጋዜጣ ደብዳቤ አድርሳለች።

«እሑድ ደግሞ ቸኮላታውን ለሁለት ሰው አፍልተሽ ሂጂ አሉኝ። እንግዳ ሊመጣላቸው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ጌታዬ። ሁለተኛውን ሲኒ አውጥቼ ነው የሄድኩት። ስመለስ ታጥቦ ቦታው ገብቷል። ለአለቃው ብነግረው አልሰማኝም።»

ከእስር ቤት ወደ ዶክተር ፉንዶራ ቤት ሄደ። ሽማግሌው ጠብታውን ያዘዙት እሳቸው መሆናቸውን ሳይጠየቁ ተናገሩ። እሑድ ጠዋት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«ቤቴ። ብቻዬን። በእኔ ዕድሜ ምስክር ያለው ማን ነው?»

«ይጠሏቸው ነበር ይባላል።»

«ሃያ ስምንት ዓመት» አሉ ዶክተሩ። «ከረታኝ ቀን ጀምሮ። ስለ ቼዝ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ግን ሐሙስ ሐሙስ የልብ ምቱን ስቆጥር፣ ከጨረስኩም በኋላ እጁን ቶሎ አልለቅም ነበር። ይኼን ጻፈው እንግዲህ።»

ኦኬንዶ አልጻፈውም።

ጋዜጠኛው ሲርያኮ ማንሴቦ ግን ቃል የሚቸግረው ሰው አይደለም። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ዓይኑን በመሐረብ እያበሰ፣ መምህሩ እንደ አባቱ እንደነበሩ፣ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት እንኳ ሲጨዋወቱ እንዳመሹ፣ እሑድ ግን ከቤቱ እንዳልወጣ ተረከ። የመምህሩን ሕይወት የሚናገረው መጽሐፉ ባርሴሎና እየታተመ መሆኑንም ሳይጠቅስ አላለፈም። ስለ ገበታው ኦኬንዶ አልጠየቀውም፤ እሱም አላነሣም።

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው ፀጉር አስተካካይ ቤት ቁጭ ብሎ ፋኖስን ዘረጋ። የሲርያኮ የሐዘን ጽሑፍ ሙሉውን ገጽ ይዟል። መዝጊያው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሴትዮዋን ፍቷት። ንጉሡን በገዛ እጁ ያስተኛ ሰው ገዳይ አያስፈልገውም።» ኦኬንዶ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ፂሙ ግማሹ ሳይላጭ ተነሥቶ ወደ «ወደብ» ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ሄደ።

ረቡዕ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው። አለቃው ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆመ። ቶማሳ እጇ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፋለች። መሐል ላይ በአንሶላ የተሸፈነው ገበታ፣ ጎኑ ደግሞ ኦኬንዶ ከቤቱ ያመጣው ሌላ ገበታ አለ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የ1859ኙን ጨዋታ፣ እጅ የሰጡበትን ቦታ ይደርድሩልኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። እጃቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያመነታ ደረደሩት። ኦኬንዶ ወደ ጋዜጠኛው ዞረ።

«ልክ ነው፣ ዶን ሲርያኮ?»

«ልክ ሊሆን ትንሽ ቀረው» አለ ሲርያኮ በትሕትና ፈገግ ብሎ። «ዕድሜ ክፉ ነው። ጥቁሩ ፈረስ አንድ ቤት ወደዚህ ነበር።» በጣቱ ገፋው።

«አንተ!» አሉ ዶክተሩ። «ያንን ፈረስ ሃያ ስምንት ዓመት ስተኛም ስነሣም አየዋለሁ። አንተ ያኔ ፊደል አልቆጠርክም። ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ የተሸነፍኩትም በእሱ ነው።» መልሰው ቦታው አቆሙት።

ኦኬንዶ አንሶላውን ገፈፈ። የሟቹ ገበታ ላይ ፈረሱ ሲርያኮ በገፋው ቤት ቆሟል።

«ይህን ገበታ ዶን ኢላሪዮ አልደረደሩትም» አለ መርማሪው። «ስለ ባርኔጣቸው ቀለም የሚከራከሩ ሰው ፈረሳቸውን አይሳሳቱም። እሳቸው ካልደረደሩት ደግሞ ራሳቸውን አላጠፉም፤ ሌላ ሰው ራሳቸውን ያጠፉ ሊያስመስል ፈልጓል። ማን? ዶክተሩ አይደሉም፤ ሲደረድሩ አይታችኋል። ቶማሳም አይደለችም፤ ጨዋታውን አታውቅም፣ እዚህ ቤት ያለው ሥዕል ደግሞ በቀይ የታረመው ብቻ ነው። ከእሱ ብትቀዳ ፈረሱን በትክክል ታቆመው ነበር። የደረደረው ሰው ጨዋታውን የሚያውቀው ከፋኖስ ስህተት ነው፤ እሱንም በቃሉ ይዞታል።»

«ፋኖስን ከተማው ሁሉ ያነበዋል» አለ ሲርያኮ። ፈገግታው ገና አልጠፋም።

«እውነት ነው። ይህን ክፍል ግን ከተማው ሁሉ አላየውም። ንጉሡ መተኛቱን ያየነው እኔና ቶማሳ ብቻ ነን። ገበታውን ሸፍኜ በሩን ቆለፍኩ፣ እሷ ጠያቂ በሌለበት ታሰረች፣ እኔ ለሚስቴም አልነገርኩም። ማክሰኞ ግን ፋኖስ ላይ አነበብኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ ዶን ሲርያኮ፤ የብዕር ደግሞ ይብሳል።»

ከዚያ ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። «ወደብ» የቼዝ ዓምዱን የሚያወጣው ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ ደብዳቤው ቀኑን እየጠበቀ አዘጋጁ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ኦኬንዶ ረጋ ብሎ አነበበው፦ «ከዶን ሲርያኮ ማንሴቦ ጋር ለአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቃል አልተነጋገርኩም። በስሜ የጻፈውን ሁሉ የፈጠረው ራሱ ነው። ይህ ከመታተሙ በፊት ግን እንዳያፍር ብዬ እሑድ ቤቴ ጠርቼ ልነግረው አስቤአለሁ።»

ሲርያኮ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሱ ተናገረ። ዶን ኢላሪዮ ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ይልቅስ ስህተቶቹን አንድ በአንድ ሊያሳዩት ደብተሩን ለማምጣት ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። ጠብታው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሲኒያቸው ውስጥ ገለበጠው። የፈረሱ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ሳይደርሱ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የደብዳቤ ረቂቅ ሰረቀ፣ የጠጣበትን ሲኒ አጠበ፣ ገበታውን ደረደረ። ደብዳቤው አንድ ቀን ቀድሞት መሄዱን አላወቀም።

«ሴትዮዋ እንድትሞት አልፈለግኩም» አለ። «የጻፍኩት ለዚያ ነው።»

«አምንሃለሁ» አለ ኦኬንዶ። «አሥራ አንድ ዓመት ስትዋሽ ማንም አልያዘህም። የተያዝከው ለሷ ብለህ አንድ በእውነት ያየኸውን ነገር ስትጽፍ ነው።»

አለቃው ጉሮሮውን ጠራርጎ ወታደር ጠራ። ጋዜጠኛውን ይዘውት ወጡ። የቶማሳን እጅ ኦኬንዶ ራሱ ፈታው። ነፃ እንደሆነች፣ የትም መሄድ እንደምትችል ነገራት። የሰማችው አትመስልም፤ ባዶውን ወንበር ታያለች።

«ቀበሯቸው?»

«ሰኞ።»

«ማን አለቀሰላቸው?»

ኦኬንዶ ወለሉን አየ። ዋሽቶ ሊያጽናናት ይችል ነበር፤ ስለሳቸው ግን እስካሁን የተዋሸው ይበቃቸዋል።

«ማንም» አለ።

ቶማሳ ከወንበሩ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት ያልተናገረችውን ሁሉ ከሆዷ እያወጣች፣ ስማቸውን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ዶክተር ፉንዶራ ሊወጡ ባርኔጣቸውን አድርገው ነበር። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።