የአንዷ ሆድ ባዶ ነበር

ኢንስፔክተር ሰገን ወደ ወረታ የተጠራችው ሕፃን ፅጌ በተቀበረች በሁለተኛው ወር ነው። ከሳሹ የልጅቷ አባት ቻላቸው፣ ተከሳሿ ሚስቱ ሠርካለም ናት።

ፅጌና እየሩስ ሆድ ለሆድ ተጣብቀው፣ አንድ ጉበት ተጋርተው የተወለዱ መንትዮች ነበሩ። በሰባት ወራቸው በቀዶ ሕክምና ሊለያዩ ገቡ። ማደንዘዣ ሲሰጣቸው ግን ፅጌን አስመለሳት፤ ትውከቱ ሳንባዋ ገብቶ ልቧ ቆመ። ደማቸው በጉበታቸው በኩል ይመላለስ ስለነበር፣ ሞቷ ለእህቷም እንዳይተርፍ ሐኪሞቹ ተጣድፈው ለያዩአቸው። እየሩስ ተረፈች።

«ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ምንም እንዳይቀምሱ ተብላ፣ አጥብታ ገደለችብኝ» አለ ቻላቸው። እየሩስ ከእናቷ ተወስዳ ለእህቱ ለገላነሽ እንድትሰጥለት ይፈልጋል። ሲናገር ዓይኑ ከመሬት አልተነሳም።

ሠርካለም አልተከራከረችም። ያጠባችው ከእኩለ ሌሊት በፊት እንደነበር፣ ሰዓቱን ያየላት ግን ባሏ ስለሆነ አሁን እሷም ራሷን እንደምትጠራጠር ተናገረች። ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱን አዙሮባታል። የቀረቻትን ልጅ እንዳይነጥቋት ብቻ ትለምናለች።

ገላነሽ በበኩሏ በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ለሠርካለም የሩዝ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ሆስፒታል እንደደረሰች አስረዳች። ፔርሙሱን አልጋው ሥር አስቀምጣ ወዲያው ሠርካለምን ገላዋን ልታስታጥብ ወሰደቻት። ሲመለሱ ነርሶቹ ልጆቹን ሊወስዱ መጥተው ነበር።

«ልጆቹስ አጥሚት ለምደው ነበር?»

«አዎ፣ እኔና እናታቸው እናቀምሳቸው ነበር። ሁለቱን እኩል ነው ታዲያ። ለአንዷ ብቻ ከሰጠናት ሌላዋ እሪ ትላለች።»

«አባታቸውስ?»

«እሱማ መቼ ደፍሮ ነካቸው?»

ሰገን ወረቀት ሳታነብ ሰው የማታምን ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ሦስቱን የእነቻላቸው ግቢ ውስጥ ሰብስባ የሆስፒታሉን ሪፖርት አወጣች። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ከቤተሰቡ ያነበበው አልነበረም።

«ከፅጌ ሳንባ የወጣው የጡት ወተት አይደለም፤ የሩዝ አጥሚት ነው። የእየሩስ ሆድ ግን ባዶ ነበር» አለች። «አጥሚቱ የመጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች አልተለያዩም። ደግሞም ለአንዷ ብቻ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። ያበላት ሰው ከዚያ በፊት አብልቷቸው አያውቅም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ማን ነበር፣ አቶ ቻላቸው?»

ቻላቸው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ርቧት አለቀሰችብኝ። ጥቂት ማንኪያ ነው የሰጠኋት። እየሩስ ስትጮህ ደንግጬ ተውኩት። ኋላ ሲጠይቁኝ አጥብታ ይሆናል አልኩ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ።»

ሠርካለም የልጇን ሞት ችላው ነበር። ይህ ግን አንጀቷን ቆረጠው።

«ጣፈጣት?» አለችው።

«ማንኪያውን አልለቅ ብላኝ ነበር።»

«ለእሷ እንዲያ የራራ አንጀትህ፣ ለእኔ ሁለት ወር ሙሉ እንዴት ጨከነ?»

ሠርካለም እየሩስን በአንቀልባ አዘለቻት። ሳይለያዩ በፊት አዝላቸው አታውቅም፤ ሆድ ለሆድ የተጣበቀ መንታ አይታዘልም። የሩዙን ማሳ ታክካ ወደ ሐሙሲት፣ ወደ አባቷ ቤት መንገድ ጀመረች። ቻላቸው ሊከተላት ሲነሳ ገላነሽ እጁን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው።